ለአበባ ሃያ አምስት፣ ለጉልበት አርባ አምስት

ድንጋይ አንጣፊውን ሰፈሩ የሚጠራው «ውሃ ልክ» ብሎ ነው። ስሙን ያወረሰችው ያቺ ከእጁ የማትለየው፣ መሐሏ ላይ የአየር ጠብታ የምትዋልልባት የሥራ ዕቃው ናት። ሰውየው ካልለካ አያምንም። ሰው ቤት ተጋብዞ ጠረጴዛው ዘመም ያለ ከመሰለው፣ ወሬውን አቋርጦ ወረቀት ያጥፍና ከእግሩ ሥር ይሸጉጥለታል። በሠርጉ ቀን እንኳ ፎቶ አንሺውን «ካሜራህ ወደ ግራ አዘንብሏል» ብሎታል ይባላል። እሱም አይክድም። «አዘንብሎ ነበራ» ይላል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሰፈር ሲያነጥፍ ኖሮ፣ በስተመጨረሻ የራሱ መንገድ ደረሰው። መንገዱ ረጅም አይደለም፤ ሦስት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። በአንደኛው ጫፍ ያሳደገችው አክስቱ ትኖራለች፤ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ አረንጓዴ በር ካለው ቤት የአክስቱ ጓደኛ። አክስቱ ጡረታ የወጣች የልብስ ስፌት አስተማሪ ናት፤ ጓደኛዋ ጡረታ የወጣች የስልክ ቤት ሠራተኛ። አርባ ዓመት ያህል፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ አክስቱ ዱላዋን ይዛ ከዚህ ጫፍ ትነሳና እዚያ ጫፍ ትደርስ ነበር። የሁለቱን ወሬ ማንም ሰምቶ አያውቅም፤ ሳቃቸውን ግን መንገዱ በሙሉ ያውቀዋል።

ታዲያ የዛሬ ሁለት ዓመት የቧንቧ ቆፋሪዎች መጡ። ቆፈሩ፣ ሄዱ፤ መጡ፣ ደፈኑ፤ የረሱት ነገር ነበርና እንደገና ቆፈሩ። ጎረምሳው ጉድጓዱን እየዘለለ፣ ደህናው ሰው በሳንቃ ላይ እየተንገዳገደ አለፈው። አክስቱ ግን ከቤቷ ቀረች። ጓደኛዋም ከሕመም አልጋ ከተነሳች ወዲህ ከደጇ አትርቅም። በስልክ ብቻ ሆነ ነገሩ። የስልክ ቤት ሠራተኛ የነበረችው ደግሞ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ስልክ ስታገናኝ ኖራ፣ ለራሷ ሲሆን መስማት አቃታትና «ማን ልበል?» እያለች ታስቸግራለች።

በዚህ መሐል ጓደኛዋ ሌላ ከተማ ወዳለችው ልጇ ጠቅልላ ልትሄድ ሆነ። ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት መኪና ይመጣል ተባለ።

«እኔ እወስድሻለሁ፣ እትዬ» አላት ውሃ ልክ። «የሥራ መኪናችን አለ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«በአሸዋው ላይ ነው ወይስ በሲሚንቶው ላይ የምትጭነኝ?»

«ጋቢና ነዋ!»

«በእግሬ ሄጄ ነው የምሸኛት» አለች አክስቱ። «አርባ ዓመት በእግሬ የገባሁበትን ቤት ለመጨረሻ ጊዜ እንደ ቁም ሳጥን ተጭኜ አልገባበትም። መንገዱን አንተ አይደለህ የምትሠራው? ሥራው።»

እሱም ቃል ገባ። ማለዳ ማለዳ፣ የመጀመሪያዋን ድንጋይ ከማስቀመጡ በፊት ድምፅ ሳያሰማ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚላት አጭር ጸሎት አለችው፤ በዚያ ሰሞን አክስቱንም ጨመረባት። ድንጋዩን በክር አስተካከለ፣ በጎማ መዶሻ እየደቃ አስቀመጠ። ከመስመር የወጣ ነገር አላስተረፈም። በየሱቁ ደጃፍ ወደ መንገዱ ገፋ ገፋ ብለው የተቀመጡ ሦስት የቆዩ የድንጋይ ደረጃዎች ነበሩ፤ አንዱ ሬዲዮ መጠገኛው ደጅ፣ አንዱ ከተዘጋው ዳቦ ቤት ፊት፣ አንዱ ከመድኃኒት ቤቱ አለፍ ብሎ። ሦስቱንም በመሮ ቆርጦ አወጣቸውና ግድግዳውን ልሙጥ አደረገው። ማክሰኞ ሲጨርስ መንገዱ ብርጭቆ ውሃ ቢያስቀምጡበት የማይነቃነቅ ሆነ።

የዚያኑ ዕለት አሥር ሰዓት ላይ አክስቱ ዱላዋን ይዛ ወጣች። ሰዉ በየደጁ ቆሞ ያያል። ውሃ ልክ ከኋላዋ አሥር እርምጃ ርቆ፣ የሷን ጫማ ሳይሆን የራሱን ድንጋይ እያየ ተከተለ። ጥሩ ሄደች። ከሬዲዮ መጠገኛው ስትደርስ ግን ዘገየች። ግድግዳውን አየች፤ ወደፊት አየች፤ እንደገና ግድግዳውን አየች። በእጇ ዳሰስ አደረገችው፤ አንድ የጠፋባትን ነገር የምትፈልግ ትመስል ነበር። ከዚያ ዞረች።

«ምነው እትዬ?»

«ድንጋይህ ጥሩ ነው። እጅህ ይባረክ» አለችው፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ምድጃ ላይ የተውኩት ነገር ትዝ አለኝ።»

ምድጃዋ ከጠዋት ጀምሮ እንደጠፋ ያውቃል። ራሱ ነው ያጠፋው።

ረቡዕ ጠዋት ሠራተኞቹ ሲመጡ ውሃ ልክ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ከአክስቱ በር ጀምሮ ድንጋዩን አንድ በአንድ እየለካ አገኙት። ሎጋው የሚሉት ረዳቱ፣ በሥራውም በቀልዱም የማይታማው፣ ሻዩን እየጠጣ ከላዩ ቆመ።

«አለቃ፣ ምን ጠፋብህ?»

«አንዷ ድንጋይ ከፍ ብላለች። ወይ ዝቅ ብላለች። እትዬ በከንቱ አትመለስም።»

«ሦስት ጊዜ ለክተናቸው የለ?»

«አራተኛ ይለካል።»

አራተኛም ተለካ። ጠብታዋ ከመሐል ፈቀቅ አላለችም። ሰውየው የሚያውቀው ጥፋት አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ያልተስተካከለ ድንጋይ። ያንን ጥፋት አጣው። ስለዚህ የሚያደርገው ጠፍቶት ሬዲዮ መጠገኛው ደጅ ላይ ቁጢጥ እንዳለ፣ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ከጠዋት ጀምሮ የምታንኳኳው አንተ ነህ? ድንጋዩ ተኝቷል፤ ተወው።»

ሬዲዮ ጠጋኙ ነው። ዓይነ ስውር ነው፤ የሠላሳ ዓመት ጎረቤት። ሬዲዮ ከፍቶ በጣቱ ጫፍ የተበላሸውን ሽቦ ሲያገኝ ላየው ሰው፣ ማየት ትርፍ ነገር ይመስለዋል።

«አንተስ መንገዱን እንዴት አገኘኸው?» አለው ውሃ ልክ፤ የሚያጽናና ነገር ፈልጎ።

ሬዲዮ ጠጋኙ መበየጃውን አስቀመጠ። «እውነቱን ልንገርህ ወይስ እንደ ጎረቤት ላሞግስህ?»

«እውነቱን።»

«መንገድህ ዲዳ ነው። መድኃኒት ቤቱ ፊት አንዲት የተነቃነቀች ድንጋይ ነበረች፤ ስረግጣት ‹ቋ› ትላለች። ‹ቋ› ካለች መሻገሪያዬ እዚያ ነው። ትናንት ‹ቋ› እስክትል ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ የሴቶች ፀጉር ቤት ገባሁ።»

«ወይ ጉዴ! ምን አሉህ?»

«ከገባህ አይቀር ብለው ፀጉሬን አጠቡኝ።» ራሱን ዳበስ አደረገ። «እነሱን አልከሳቸውም፤ ደህና አድርገው ነው ያጠቡኝ። ግን ዳቦ ልገዛ ነበር የወጣሁት።»

ውሃ ልክ መሳቅ ጀምሮ ተወው። ያቺን ድንጋይ በደንብ ያስታውሳታል። መጀመሪያ ያስተካከለው እሷን ነበር።

«እትዬስ? እትዬ ለምን ተመለሰች?»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉሃል ይኼ ነው» አለ ሬዲዮ ጠጋኙ። «አክስትህ መንገዱ ሳይቆፈር በፊት ሁልጊዜ አሥር ሰዓት አልፎ እዚህ ደጄ ትደርስና ‹ዜና ጀመረ?› ትለኝ ነበር። ጀመረም አልጀመረም ደረጃዬ ላይ ቁጭ ትላለች። ዜናው ሲያልቅ ‹ዛሬም ዋሹ› ብላ ትነሳለች። ቀጥሎ ዳቦ ቤቱ ደረጃ ላይ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር ትፈልጋለች። እኔ እስከማውቀው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠጠር አግኝታ አታውቅም። ከመድኃኒት ቤቱ አልፋ ደግሞ ሻርፕዋን ታስተካክላለች፤ ልጆቹ ናቸው የነገሩኝ።»

«ደክሞኛል ብላ አታውቅም እኮ።»

«አላለችማ። አንተም ደረጃዬን ስትቆርጥ አልጠየቅከኝ። ገፋ ያለ ነው አልክ እንጂ።»

ውሃ ልክ ተነሳ። ሰው በነገረው ብቻ አይረካምና በገዛ ጉልበቱ ሊለካው ፈለገ። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ተሸክሞ ወደ አክስቱ በር ሄደ፤ ከዚያም በአክስቱ እርምጃ፣ እንደሷ ትንሽ ትንሽ እየረገጠ፣ መንገዱን ተያያዘው። ሰዉ አለቃው አበደ ብሎ ያያል። ሎጋው ከጎኑ እየሄደ «አለቃ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሲሚንቶ ሲሄድ ግን ዛሬ ገና አየሁ» ይላል። ውሃ ልክ ሸክሙን አስተካክሎ ቀጠለ። በመንገዱ አንድ አራተኛ ላይ ትከሻው ተቃጠለ፣ ጉልበቱ ቄጠማ ሆነ። ሸክሙን አሳርፎ ሁለቴ የሚተነፍስበት ጠርዝ ፈለገ። በግራ ልሙጥ ግድግዳ፣ በቀኝ መኪና። የገዛ እጁ ሥራ ወደፊት ተዘርግቶ ያበራል፤ ግባና ዕረፍ የሚል አንድ ቦታ ግን የለውም።

«ያዝልኝ» አለ ለሎጋው። «ስዕሉን አምጣ።»

በሥራው ስዕል ላይ ገና ያልተሠሩ ሦስት የአበባ መደቦች ነበሩ፤ በግድግዳው ጥግ፣ ሰው በማያደናቅፉበት ቦታ፣ በሰማንያ ሰማንያ ሜትር ልዩነት የተቀመጡ። ዙሪያቸው በዝቅተኛ የድንጋይ ክብ ይከበባል፤ ከፍታው ሃያ አምስት ሳንቲሜትር። ውሃ ልክ ሄዶ ወንበር ለካ። አርባ አምስት። የአክስቱን ወንበር ለካ። እሱም አርባ አምስት።

«አርባ አምስት አድርጋቸው» አለ። «ላያቸውንም ሰፊና ለስላሳ ድንጋይ አልብሳቸው። የቆረጥናቸው ደረጃዎች የት አሉ?»

«ጓሮ ተከምረዋል። አለቃ፣ ስዕሉ ሃያ አምስት ነው የሚለው።»

«አይቻለሁ።»

«አንተ? ለአንድ ሳንቲሜትር ብለህ ግማሽ መንገድ ያስፈረስከን አንተ?»

«እኔ። ጥፋት ከሆነ በእኔ ይሁን።»

ሥራውን የምትረከበው ኢንጂነር ጋ ስልክ ደወለ። ስብሰባ ላይ ናት፤ ቅዳሜ ጠዋት ለርክክብ እንደምትመጣ ብቻ ተነገረው። «ትንሽ ለውጥ አለ» ብሎ መልእክት ተወላት፤ ተደብቆ መሥራት አይወድም። ለመድኃኒት ቤቱ መሻገሪያም ሸንተረር ሸንተረር ያላቸው ድንጋዮች አስመጥቶ፣ ከግድግዳው እስከ መንገዱ ጠርዝ ደረደራቸው። ሬዲዮ ጠጋኙ መጥቶ በትሩን ጎተተባቸው፤ «ትርርር» አሉ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ እንደገና ጎተተ።

«ከ‹ቋ› ይሻላል» አለ። «ድምፁ ጥርት ብሏል።»

ዓርብ ከሰዓት አክስቱ በመስኮቷ አይታ ጠራችው።

«አንተ ልጅ፣ ያ የምትከምሩት ምንድን ነው?»

«የአበባ መደብ ነው፣ እትዬ።»

«ከፍ አላለም?»

«አበባው እንዳይረገጥ ብዬ ነው።»

«የታለ አበባው?»

«ገና ነው።»

አክስቱ አየችው፤ እሱም ድንጋዩን አየ። ዕድሜዋን ሙሉ ክር ስታይ የኖረች ሴት ናት፤ ስፌቱ በየት በኩል እንደዞረ አይጠፋትም። መስኮቷን ዘጋች።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኢንጂነሯ መጣች። ወጣት ናት፤ ጠንቃቃና ጨዋ፣ ከዚህ በፊት ሁለት መንገድ ተረክባ የመጣች። ድንጋዩን በዓይኗ መዘነችውና ደስ አላት። የመጀመሪያው መደብ ጋ ስትደርስ ግን ሜትሯን ዘረጋች።

«ጋሼ፣ ይሄ አርባ አምስት ነው።»

«ነው።»

«ስዕሉ ሃያ አምስት ይላል።»

«ለአበባ ሃያ አምስት ይበቃል፣ ኢንጂነር። ለጉልበት አይበቃም።»

«ለማን ጉልበት? ጋሼ፣ እርስዎን ስዕል ያከብራሉ ብለውኝ ነበር እኮ። በዚህ አልፈርምም፤ ይፍረስና ይስተካከል።»

«እሺ» አለ ውሃ ልክ። ከሷ ጋር መጨቃጨቅ አልፈለገም፤ ሥራዋን ነው የሠራችው። «አፈርሰዋለሁ። ከአራት ሰዓት በኋላ ይሁንልኝ ብቻ።»

«አራት ሰዓት ላይ ምን አለ?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት አክስቱ መጣች። የክት ቀሚሷን ለብሳለች፣ ሻርፕዋን አድርጋለች፣ ዱላዋን ጨብጣለች። ፊቷ ቀልቷል፤ ትንፋሿን ለማንም እንዳይሰማ በአፍንጫዋ ታወጣዋለች። ከመደቡ ደረሰች፤ ለአንድ አፍታ ቆመች፤ ከዚያ ወደ ሱቁ ዞራ «ዜና ጀመረ?» አለች።

«አሁን ሊጀምር ነው» አለ ሬዲዮ ጠጋኙ፤ ዜና በዚያ ሰዓት እንደሌለ እያወቀ። የመጀመሪያውን ያገኘውን ጣቢያ ከፈተላት። ስለ ዶሮ እርባታ ነበር የሚያወራው።

አክስቱ ቁጭ አለች። ኢንጂነሯ ሜትሯን እንደያዘች ቀረች፤ ጫፉ ከአክስቱ ቀሚስ ሥር ገብቷል።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ እየለካሁት ነበር።»

«ለኪ ልጄ፣ ለኪ። እኔ አላርፍም፤ ዜና እየሰማሁ ነው።» ወደ ልጅቱ እግር አየች። «ጫማሽ አዲስ ነው?»

«ትናንት የተገዛ ነው።»

«በልቶሻል። ስትመጪ አንድ እግርሽን ስትጎትቺ አይቻለሁ። ነይ ተቀመጪና ፍቺው፤ ኋላ ያቆስልሻል።»

ኢንጂነሯ ግራ ቀኝ አየች። ሎጋው ሰማይ ሰማይ ያያል። ውሃ ልክ ሰዓቱን ተመለከተ፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ልጅቱ ተቀመጠች። ጫማዋን ስትፈታ ረጅም «እፎይ» ከውስጧ ወጣ፤ ራሷም ደነገጠች።

«ይኸውልሽ» አለች አክስቱ።

ሁለቱም ስለ ዶሮ ሰሙ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ዘምቢሏን ይዛ ስታልፍ አየቻቸውና፣ ሳትጠይቅ ከጫፉ ላይ አረፍ አለች፤ ሁለቴ ተንፍሳ ተነስታ ሄደች። ኢንጂነሯ በዓይኗ ሸኘቻት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ቀስ ብላ። «አበባው የት ነው የሚተከለው?»

«እኛ ነን አበባው» አለች አክስቱ። «አይታይሽም?» ዱላዋን ጨብጣ ተነሳች። «ዛሬም ዋሹ» አለች ለሬዲዮ ጠጋኙ።

«ስለ ዶሮ ምን ይዋሻል፣ እማማ?»

«አንተ አይታይህም እንጂ፣ ያን ያህል እንቁላል የምትጥል ዶሮ የለችም።»

ኢንጂነሯ ጫማዋን አላልታ አሰረች። «ሌሎቹን ሁለቱን መደቦች ሳላይ መፈረም አልችልም» አለችና ከአክስቱ ጎን መሄድ ጀመረች። ውሃ ልክ ይህ ለመልካም ይሁን ለክፉ አልገባውም። እንደ ማክሰኞው አሥር እርምጃ ርቆ ተከተላቸው፤ አሁን ግን የሚያየው ድንጋዩን አልነበረም።

ሁለተኛው መደብ ላይ አክስቱ ጠጠር ፈለገች፤ ኢንጂነሯም አብራ ፈለገች። መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ ድንጋዩ በዱላዋ ሥር «ትርርር» አለ። ሦስተኛው መደብ ላይ ሻርፕ ተስተካከለ። አራት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው አክስቱ አረንጓዴውን በር በዱላዋ መታችው።

«ማን ልበል?» አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ።

«አሁንም መስመሩ አይሰማሽም?»

በሩ ተከፈተ። ጓደኛዋ ሻንጣዋ አጠገብ፣ የመንገድ ልብሷን ለብሳ ቆማለች።

«ዘገየሽ» አለች ጓደኛዋ።

«መንገድ ተዘግቶ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ በሙሉ ሰማው፤ ሁለት ዓመት ያልተሳቀ ሳቅ ነበር። መኪናው መጥቶ ሻንጣ እስኪጫን ጓደኛዋ «እስቲ የልጅሽን ሥራ አሳይኝ» ብላ በአክስቱ ክንድ ተደግፋ ወጣች፤ ከደጇ የምትርቀው ከስንት ጊዜዋ ነው። ሦስተኛው መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ኢንጂነሯ ወረቀቷን ጭኗ ላይ አስደግፋ ስትጽፍ ቆየችና ለውሃ ልክ ሰጠችው። «የመደብ ከፍታ፣ አርባ አምስት፤ በሥራ ላይ የተደረገ ማሻሻያ» ይላል። ከሥሩ ፈርማለች።

«ኃላፊዬ ከጠየቀኝ ምን እላለሁ?» አለችው።

«አምጪውና ይቀመጥበት» አለ ውሃ ልክ። በልቡ ግን ለፈጣሪው የሚለውን ብሎ ነበር።

«አንተ ልጅ!» ስትል አክስቱ ተጣራች። «ና እዚህ። ይሄኛው ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ተቸኩሎ ነው የተሠራው።»

ውሃ ልክ ደነገጠ። ሮጦ ደረሰ፤ ዕቃውን ከኪሱ አወጣ፤ ተንበርክኮ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። ጠብታዋ ወዲያ ወዲህ ብላ መሐል ላይ ረጋች። ቀና ብሎ አያቸው።

«ልክ ነው እኮ፣ እትዬ። ዘንበል ያላችሁት እናንተ ናችሁ።»

አክስቱ ጓደኛዋን በጎኗ አየቻት፤ ሙሉ ክብደቷን ትከሻዋ ላይ ጥላባታለች።

«እንግዲያው እሷ ናት» አለች። «ከድሮም እንዲህ ናት፤ ካልተደገፈች አታወራም።»

መኪናው ጥሩንባውን ነፋ። ጓደኛዋ አልሰማ አለች፤ ወይም እንዳልሰማች ሆነች።